አንድ ስለት ለአንድ ፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባላት ያደረጉት ንግግር)



በዛሬው የምሥረታ በዓል እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት እንድንናገር ተራ በተሰጠን ጊዜ፣ ብዙ ጓደኞቻችን ስለ ጠፈር ጉዞ ወይም ስለ ኮምፒዩተር እንናገራለን ብለው ጠብቀው ነበር። እኛ ግን ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት አሮጌ የጢም መላጫ ይዘን ቀርበናል። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በዚህች ትንሽ መሣሪያ ውስጥ የብዙ ሰዎችን አሳብና ድካም፣ ለእኛ ለወጣቶችም ጤና የሚሆን ትምህርት ስላገኘንባት፣ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መላጫይቱን ያገኘናት ከአንዱ የክበባችን አባል ቤት ነው። የጓደኛችን ወንድ አያት በ1950ዎቹ ዓመታት አሥመራ ከተማ፣ ቃኘው በተባለው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር በአናጢነት ይሠሩ ነበር። ከዚያ ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች አንዷ ይህች ናት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ሴት አያቱ በጨርቅ ጠቅልለው ከሳጥን ግርጌ አኑረዋት ኖሩ። ጓደኛችን ጢም ማብቀል በጀመረ ጊዜ፣ «እንግዲህ አንተም ለአቅመ አዳም ደርሰሃል፤ የአያትህን ዕቃ ያዝ ልጄ» ብለው ሰጡት። ወደ ክበባችን አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ ባስቀመጣት ጊዜ አሠራሯን ያወቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ከናስ ተሠርታ በኒኬል የተለበጠች ናት፤ ራስዋ ላይ «ጄም» የሚል ስም ተቀርጾባታል፤ የእጀታዋ ጫፍ ሲዞር ራስዋ ይከፈታል። ከሱቅ የምንገዛውን ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ልናስገባባት ብንሞክር አልገባ አለን፤ ለሁለት ሰብረን ብንሞክርም እየተወዛወዘ አልጸና አለ። ታሪኳን ለማወቅ የተነሣነው ከዚህ በኋላ ነው።

በጥንት ዘመን ጢም የሚላጨው በእጀታው ውስጥ በሚታጠፍ ረጅም ምላጭ ነበር። ያንን ምላጭ በድንጋይ መሳል፣ ዘወትርም በቆዳ ጠፍር ላይ ማመላለስ ያስፈልጋል። ስለቱ ምንም መከላከያ የሌለው ስለ ሆነ፣ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ራሱን ከሚላጭ ይልቅ ወደ ጢም ላጪ ቢሄድ ይሻለው ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ ነው። ይህ ሰው ሰው ራሱን እንዴት ሊላጭ እንደሚችል የሚያስተምር መጽሐፍ በ1769 አሳተመ፤ ስለቱ ወደ ቆዳ ጠልቆ እንዳይገባም ምላጩን በእንጨት መከላከያ ውስጥ የማግባትን አሳብ አቀረበ። ከዚያም በ1847 ዊልያም ሄንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ምላጩ በእጀታው ላይ እንደ ዶማ አግድም የተቀመጠ መላጫ ፈልስፎ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በየቤቱ ያለው የመላጫ ቅርጽ ከዚያ አሳብ የመጣ ነው።

ባለ አንድ ስለት የሆነውን መላጫ ለብዙ ሰው ያዳረሱት ግን በኒው ዮርክ ይኖሩ የነበሩት የካምፕፌ ወንድማማቾች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1880 የፈጠራ መብት አግኝተው «ስታር» ማለት «ኮከብ» የተባለውን መላጫ ይሸጡ ጀመር። ምላጩ ከድሮው ረጅም ምላጭ ተቆርጦ የተወሰደ የሚመስል አጭርና ወፍራም ቁራጭ ነበር፤ ከፊቱም ቆዳን የሚጠብቅ መከላከያ ነበረው። ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ደራሲ በ1886፣ ዕድሜው 76 ሆኖ ሳለ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ይህን መላጫ ይዞ ነበር። በሚወዛወዝ መርከብ ላይ በረጅም ምላጭ መላጨት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ገምቱት። እርሱም በትንሿ መላጫ ያለ ጭንቀት ስለ ተላጨ፣ በ1887 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አመስግኗታል።

ነገር ግን የካምፕፌ ወንድማማቾች ምላጭም እንደ ድሮው መሳልና በቆዳ ላይ መመላለስ ነበረበት። ይህን ያስቀረው ኪንግ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ነው። የእርሱ አሳብ ከቀጭን ብረት የተሠራ፣ በሁለት ወገን ስለት ያለው፣ ሲደንዝ የሚጣል ምላጭ መሥራት ነበር። ቀጭኑን ብረት ማጠንከርና መሳል እንዲቻል ያደረገው ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። ጂሌት የፈጠራ መብቱን በ1904 አገኘ። ሽያጩ በተጀመረበት በ1903 የተሸጡት መላጫዎች 51፣ ምላጮችም 168 ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የመላጫዎቹ ቍጥር ከ90 ሺሕ አለፈ። እንግዲህ አንድ ሥራ በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው ትንሽ ነው ተብሎ የማይናቅ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ባለ አንድ ስለት መላጫ የሚሠሩትም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። «ጄም» እና «ኤቨር ሬዲ» የተባሉት መላጫዎች የሚጣል ምላጭ እንዲይዙ ሆነው ተሠሩ፤ ምላጩ ግን ባለ አንድ ስለትነቱን አልተወም። በ1926 ደግሞ ጄከብ ሺክ የተባለ ጡረተኛ የጦር መኰንን፣ ምላጮቹ በመያዣቸው ውስጥ ተደርድረው እጅ ሳይነካቸው ወደ መላጫው የሚገቡበትን ዓይነት አወጣ። በ1930ዎቹ ዓመታት እጀታዋ ሲዞር የምትከፈተው፣ የጓደኛችን አያት የያዟትን የምትመስለው የጄም መላጫ በገበያ ላይ ዋለች።

አሁን ወደ አሠራሯ እንመለስ። በሱቃችን የሚሸጠው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛው ያህል ስለ ሆነ፣ በመላጫው ውስጥ ጐብጦ ካልተያዘ አይጸናም። የጄም ምላጭ ግን ውፍረቱ 0.23 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በጀርባውም የታጠፈ ብረት እንደ ሽፋን ሆኖ ይዞታል። ስለዚህ ሳይጐብጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሰብረን ያስገባነው ቀጭን ምላጭ ያልጸናልንም ይህ ጀርባ ስለሌለው ነው። ከስለቱ ፊት ያለው የመላጫይቱ መከላከያ ቆዳውን ቀድሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለቱም ከመከላከያው ጥቂት ብቻ ብቅ ስላለ፣ ጠጕሩን ያገኛል እንጂ ቆዳውን ጠልቆ አይገባም። ይህ የሚሆነው ግን እጅ ካልተጫነው ነው።

ይህን ያወቅነው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖረው የጓደኛችን አክስት ነገሩን በስልክ ሰምታ፣ በመጠኑ ለመላጫይቱ የሚሆን አንድ ፓኬት አዲስ ምላጭ በሰው ላከችለት። መላጫይቱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥበን፣ ስንጥቋን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፍቀን፣ በአልኮል ዘፍዝፈን አደረቅናት። ከዚያ በኋላ ጓደኛችን በአያቱ ቤት፣ እኛ በመስኮቱ አጠገብ ቆመን ስናይ፣ መላጨት ጀመረ። በፕላስቲኩ መላጫ እንደ ለመደው አጥብቆ ይዞ ተጫናት። ገና ሦስት ጊዜ ሳይስብ አገጩ ተቈርጦ ደም ወረደው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እማማ ይህን አይተው አልሣቁበትም። ጨርቅ አቀበሉትና፣ «አትጫናት ልጄ። አያትህ እንደ ብዕር ነበር የሚይዟት። ድምፅዋን እያዳመጡ ነበር የሚላጩት» አሉት። ባለቤታቸው ማልደው ሲላጩ፣ ምላጩ ጠጕሩን ሲቈርጥ የሚያሰማውን ድምፅ ከጓዳ ሆነው ይሰሙት እንደ ነበር ነገሩን። ጓደኛችን እንደ ተባለው ጣቱን አላልቶ ይዞ እንደ ገና ሲጀምር፣ እውነትም ድምፅዋ ተሰማን። ወፍራም ምላጭ ጠጕር ሲቈርጥ ከቀጭኑ ይልቅ ይሰማል። ድምፁ እኩል ሆኖ ሲሰማ አያያዙ ልክ ነው፤ ድምፁ ሲጠፋ ወይም መላጫይቱ ስትዘል አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። እኛ በትምህርት ቤት ስለ ግፊትና ስለ ማዕዘን ተምረን ነበር፤ በተግባር ያስተማሩን ግን እማማ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተማርነውን በአጭሩ እንናገራለን። አስቀድሞ ፊትን በሞቀ ውሃ ማራስ ይገባል፤ ውሃ ጠጕሩን ያለሰልሰዋልና። ቀጥሎ ሳሙናውን በብሩሽ ወይም በእጅ አረፋ እስኪሆን ድረስ መቀባት ነው። የመላጫይቱን ጠፍጣፋ ራስ በጕንጭ ላይ ማስተኛት፣ ከዚያም ስለቱ ጠጕሩን እስኪነካ ድረስ እጀታዋን ቀስ እያሉ ወደ ፊት ማስጠጋት ያስፈልጋል። ጠጕሩ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፣ በአጭር በአጭሩ፣ የመላጫይቱ ክብደት ራሱ እንዲሠራ አድርጎ መሳብ ይገባል። በአንድ ጊዜ ሙልጭ ካላደረግሁ ብሎ አንዱን ቦታ መመላለስ ቆዳን ይጎዳል። ሲጨርሱ ምላጩን ማጠብና ማድረቅ ዝገትን ይከላከላል።

ምላጭ ከብረት የተሠራ ሆኖ ሳለ ለስላሳ ጠጕር የሚያደነዝዘው ስለ ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ በክበባችን ብዙ አከራከረን። መልሱን ያገኘነው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ካወጡት ጥናት ነው። ብረቱ ከጠጕር 50 ጊዜ ያህል የጠነከረ መሆኑን፣ ሆኖም ጠጕሩ ሲጐብጥ፣ የስለቱም ብረት በውስጡ አንድ ወጥ ካልሆነ፣ ከስለቱ ጫፍ ላይ በዓይን የማይታይ ስብርባሪ እንደሚነሣ በማጕሊያ መሣሪያ አይተዋል። ስለዚህ የደነዘዘ ምላጭ እንዲሁ የተበላ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም የተሸረፈ ነው። በእንዲህ ያለ ምላጭ ሰው ሳያስበው ይጫናል፤ ሲጫንም ይቈረጣል።

እዚህ ላይ የእኛን የወጣቶችን ፊት የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ጠጕሩ የተጠቀለለ ሰው ጢሙን በጣም ከሥሩ ሲላጭ፣ ጠጕሩ ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባና እብጠት ያወጣል። ብዙዎቻችን ይህን ብጉር ነው ብለን ስናፍርበት ኖረናል። ሐኪሞች የሚመክሩት ቆዳን ሳይወጥሩ፣ ጠጕሩ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፣ እስከ ሥሩ ሳይጠጉ መላጨትን ነው። ሁለትና ሦስት ምላጭ የተደራረበበት መላጫ ፊተኛው ጠጕሩን ሲስበው ኋለኛው ከቆዳ በታች ሊቈርጠው ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለው ፊት አንድ ስለት ብቻ ያለው መላጫ ይሻላል። የሚደነቀው፣ ሁለት ምላጭ ያለው መላጫ በ1971 ገበያ ላይ ሲወጣ እንደ ታላቅ መሻሻል የተቈጠረ መሆኑ ነው። አዲስ ነገር ሁሉ ለሁሉ ፊት ይስማማል ማለት አይደለም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ወደ ዋናው ጕዳያችን እንመጣለን። ከእኛ መካከል አራቱ ከገጠር መጥተው፣ በከተማ አንድ ክፍል በኅብረት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ስንቃቸውን፣ ምንጣፋቸውንና መብራታቸውን ሲካፈሉ ምላጫቸውንም ይካፈሉ ነበር። አንድ ምላጭ ይገዛና አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ያቀብላል። ይህ ከክፋት የመጣ ሳይሆን ከፍቅርና ከችግር የመጣ ነው። ባለፈው ዓመት ከአራቱ አንዱ፣ ዕድሜው 18 ሞልቶት ስለ ነበር፣ ደም ሊለግስ ሄደ። በምርመራውም ጕበትን የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ውስጥ እንዳለ ተነገረው። ይህን የምንናገረው ራሱ «ተናገሩት፤ ሌላው ይማርበት» ብሎ ስለ ፈቀደልን ነው።

ይህ በሽታ ከየት እንደ ያዘው ሐኪሙም ሊያውቅ አልቻለም። ሲወለድ ከእናት ሊተላለፍ ይችላል፤ በሌላም መንገድ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ግን፣ ምላጭ በጋራ ትጠቀማላችሁን? ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ አራቱም አንገታቸውን ደፉ። ቫይረሱ በዓይን በማይታይ የደም ቅንጣት ውስጥ ሆኖ፣ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል ነገራቸው። ኤች አይ ቪም በደም በተነካ ስለት ሊተላለፍ እንደሚችል አስታወሳቸው። ሦስቱ ተመርመሩ፤ ከበሽታው ነጻ ሆነው ስለ ተገኙ ክትባቱን ጀመሩ። ውጤቱን ሲጠብቁ ያደሩትን ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አልረሱትም። ወንድማችን ዛሬ በሐኪም ክትትል ሥር ሆኖ ትምህርቱን ይማራል፤ አሁንም ከሦስቱ ጋራ በአንድ ክፍል ይኖራል፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ ይህ በሽታ አይተላለፍም። የተለየው ነገር ቢኖር ምላጫቸው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከተሰማ በኋላ፣ እማማ ስለ ባለቤታቸው የነገሩንን አንድ ሌላ ነገር አስተዋልነው። ሽማግሌው ቸር ሰው ነበሩ፤ ጎረቤት መጋዝ ቢለምናቸው መጋዝ፣ መዶሻም ቢለምናቸው መዶሻ ያውሱ ነበር። ይህችን መላጫ ግን ለወንድማቸው እንኳ አውሰው አያውቁም። ሰዎች ስስት ይመስላቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ዕቃ ይዋሳል፤ ፊት አይዋስም» ይሉ ነበር አሉን። ስለ ቫይረስ የተማሩት ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ሥራቸው ዛሬ ሐኪም ከሚመክረው ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መላጫይቱን ለመሞከር ሁላችንም ብንጓጓም፣ ከጓደኛችን በቀር አንዳችንም ፊታችንን አላስነካናትም።

በቋንቋችን ምላጭ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ይነገራል። አንዱ የምንላጭበት ስለት ነው፤ ሁለተኛው የጠመንጃ ምላጭ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ጕልበት ሳይሆን የተረጋጋ ጣት ነው፤ ሁለቱንም በቸልታ የነካ ሰው ጉዳቱ ለራሱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከፔሬ ጀምሮ እስከ ጂሌት ድረስ የነበሩት ሰዎች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ደክመው ስለቱን ከቈዳ የሚያርቅ መከላከያ ሰጡን። የአንዱን ደም ከሌላው የሚያርቅ መከላከያ ግን ከናስ አይሠራም፤ ይህን የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው በልማዱ ነው።

እንግዲህ ክበባችን የወሰነውን ነግረናችሁ እንሰናበታለን። መላጫይቱ ወደ ባለቤቷ ቤት ትመለሳለች እንጂ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አትቀመጥም፤ የምትጠቅመው ስትሠራ ነውና። በምትኩ ሥዕሏንና አሠራሯን የሚያስረዳ ሰሌዳ በቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። እኛም እያንዳንዳችን ለየራሳችን ምላጭ ገዝተን ስማችንን በመያዣው ላይ ጽፈናል። አንድ ምላጭ በሰፈራችን ሱቅ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ስለማይበልጥ፣ ድኽነታችን ለዚህ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። ያገለገለውን ምላጭ የሚጥሉበት፣ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ የተበሳበት የቆርቆሮ ጣሳም አዘጋጅተናል፤ ሕፃናትና ቆሻሻ የሚያነሡ ወገኖቻችን እንዳይቈረጡ ነው።

እናቶቻችንንም በአክብሮት የምንለምናቸው አንድ ነገር አለ። የልጆችን ራስ ስትላጩ፣ ቁንጮም ስታስቀሩ፣ የአንዱን ልጅ ምላጭ ለሌላው አታድርጉት። አባቶቻችንም ወደ ጠጕር አስተካካይ ስትሄዱ አዲስ ምላጭ ከፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወንድሞቻችን ሆይ፤ እንጀራችንን አብረን እንቍረስ፤ መጽሐፋችንን እንዋዋስ፤ ስለቱ ግን አንድ ስለት ለአንድ ፊት ይሁን።